የግራ እጅ ሰሌዳ

ጥር 2 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ዛሬም መላጊያ ይዣለሁ፣ ደብተሬ። ሁለተኛዋ ሰሌዳ ከሳጥኑ አፍ አልገባ ብላ ጠርዟን ላግኋት፤ አሁን ደግሞ ትወዛወዛለች። ልጄ ትርንጎ ሳቀችብኝ።

የቴሌቪዥን ጥገና ተምራ ወደ ከተማችን ንፋስ መውጫ ከተመለሰች ወዲህ ከአሮጌ ቴሌቪዥንና ከአሮጌ ኮምፒውተር የጌም ሳጥን እየሠራች ነው። ሽቦው የእሷ፣ እንጨቱ የኔ። የሟቹ ባለቤቴ የፈንታሁን የአናጢ ዕቃ ስምንት ዓመት አልጋ ሥር ተኝቶ ነበር። አውጥቼ ሳልኩት።

ሐሳቧ እንዲህ ነው። ሳጥኑ አንድ፣ ሰሌዳው ሦስት። እንደ መሳቢያ ይወጣል፣ ይገባል። አንዱ ለኳስ ጨዋታ፣ በግራ ዘንግ፣ በቀኝ ቁልፎች። አንዱ ለመኪና፣ መሪ ያለው። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ሆኖ ቁልፎቹ በግራ። ይሄኛው ለኔ ነው አለች። ግራኝ ናት። ወደ መላጊያዬ ተመለስኩ።

ለጥምቀት ከተማው ሲሞላ ጌም ቤታችንን እንከፍታለን።

ጥር 4፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

መወዛወዙ ተፈታ! አባቴ የማረሻው እርፍ ሲላላበት ሽብልቅ ይመታበት ነበር። ከወይራ ሁለት ትናንሽ ሽብልቆች ጠረብኩ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ሲመቱ ሰሌዳዋ ቀጥ። ሲነቀሉ ሰተት ብላ ትወጣለች። ትርንጎ አሥር ጊዜ አስገብታ አወጣቻት። “እማዬ፣ ይህን እኮ ኮሌጅ አላስተማሩንም!” አለች። ቀኑን ሙሉ ለብቻዬ ፈገግ ስል ዋልኩ።

ጥር 6፣ ከሰዓት

ጎረቤታችን መሪጌታ መጡ። ይህ ነገር ሰው ሥራ ያስፈታል ሊሉን። ትርንጎ የመኪናውን ሰሌዳ አስገብታ ወንበር ሳበችላቸው። መሪው ከተጣለ ጭነት መኪና የተነቀለ ነው፤ ደረታቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

“ፍሬኑ የት ነው?”

“ፍሬን የለውም፣ መሪጌታ።”

“ታዲያ ይህ መኪና ነው ወይስ ጋኔን!”

ሦስት ጊዜ ገደል ገቡ። ተቆጥተው ወጡ። ትንሽ ቆይተው ተመለሱ፤ ጭራዬን ረስቼ ነው አሉ። ጭራው በእጃቸው ነበር።

ጥር 8፣ ጠዋት

ሦስተኛውን ሰሌዳ አበላሸሁ። ከመጀመሪያው ሰሌዳ የወሰድኩትን የካርቶን ልክ ሳልገለብጥ አስምሬ ቆረጥኩ፣ ሰረሰርኩ፣ ላግሁ። ሳየው ቁልፎቹ እንደገና በቀኝ! ትርንጎ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “እማዬ፣ ያንቺም እጅ እንደ አባዬ ግራ አይወድም!”

ከዚያ ትዝታዋን ነገረችኝ። አንደኛ ክፍል እያለች ግራ እጇ በመቀነት ታስሮ እንደነበር። አባቷ መቀነቱን ይዞ እንደቆመ። ያለ ቂም ነው የነገረችኝ። ያ ባሰብኝ።

ደብተሬ፣ አንቺ ስሚ። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለእንግዳ ውኃ በግራዋ ሰጥታ ሰው አጉረመረመ። አፈርኩ። በገዛ መቀነቴ አንድ ጾም ሙሉ አሰርኳት። ፈንታሁን ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥራ ስማዳ ሄዶ ነበር። ሲመለስ እየተቆጣኝ ፈታላት። መቀነቱን በእጁ ያየችው ሲፈታላት ነው። እኔ ዝም አልኩ። እሱ በሕይወት እያለም፣ ከሞተም በኋላ።

ፊደል የለየሁት እሱ ከሞተ ወዲህ፣ በትርንጎ የአንደኛ ክፍል ደብተር ነው። በግራዋ የጻፈቻቸው የፊተኞቹ ገጾች ፊደል ቀጥ ያለ። ከመካከል፣ ካሰርኳት ጀምሮ በቀኟ ነው፤ ይንጋደዳል፣ ይወድቃል። በግራዋ ዳግም አልጻፈችም። ሁለቱንም ማንበብ ለመድኩ።

ጥር 9

ካርቶኑን ገልብጬ አዲስ ቆረጥኩ። ቁልፎቹ በግራ። ዝም ብዬ ብሰጣት ሌላ ውሸት ሊሆን ነው። ነገርኳት። ሽብልቁን እንደያዝኩ፣ ሳልቀመጥ።

ቀና አላለችም። “አባዬ ነበር የሚመስለኝ” አለች፣ ያቺን ብቻ። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ነፋሱ በሩን ደጋግሞ ያማታው ነበር፤ ተነሥቼ አልዘጋሁትም። ሲመሽ ተመለሰች። ሳንነጋገር በላን።

ጥር 10፣ ከተራ

እስከ ቀትር እሷ ሽቦ ትበይዳለች፣ እኔ ሽብልቅ እመታለሁ። ሦስተኛው ሰሌዳ ልክክ አለ። ለማን ልንገር?

ታቦት ሊወጣ ደወል ሲደወል ተነሣች። የቀለም ብሩሽ በግራ እጇ ያዘች። ሳጥኑ ግንባር ላይ ጻፈች፦ ፈንታሁን። “ሁ” ወደ ጎን ወድቃለች።

“ተጣሟል አይደል?”

“እኔ እንዲህ ያለውን ነው ማንበብ የምችል” አልኳት።

አየችኝ። ሳቋ መጣ፣ እንባዋም። “ታዲያ በግራዬ መጻፍ አንቺው አስተምሪኛ!”

ጥር 11፣ ጥምቀት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ቤቱ ጢም ብሏል። ሽብልቅ መንቀል፣ ሽብልቅ መምታት፤ እጄ ቀልቷል። ትርንጎ በሦስተኛው ሰሌዳ አምስት ጎረምሳ በተራ አሸነፈች። ስድስተኛው፣ “እህቴ፣ ይህ ግራ እጅሽ ምን ይበላል?” አላት። “የእናቴን መቀነት” አለችው። ማንም አልገባውም። እኔ ጓዳ ገብቼ ሳቅኩ።

ደብተሬ፣ አትቀየሚኝ። ገና ብዙ ባዶ ቅጠል አለሽ። ነገ ጠዋት ለትርንጎ እሰጥሻለሁ፤ በግራ እጇ ትጻፍብሽ፣ እስኪቃናላት። የጻፍኩባቸውን የፊት ገጾች አልቀድድም። ታንብባቸው።