ስልሳ እርምጃ ያዛወርኳቸው ንቦች

ማክሰኞ
ቀፎውን ላነሳው ነው። የጎረቤቴ የታደለች ልጅ ትናንት ዐይኗ ሥር ተነድፋ ፊቷ ዳቦ አክሏል። እናትየው አጥሩ ላይ ሆና፣ "ጋሽ ላሎ፣ ያንሱልኝ፤ አለዚያ በጭስ እፈጃቸዋለሁ!" አለችኝ። በገዛ ግቢዬ! ግን ልጅ ልጅ ነው።

የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ በመንገድ ስታልፍ ሰምታ፣ "አባባ፣ ቀፎ ሲነሳ ወይ በቀን አንድ ክንድ ነው፣ ወይ ሌላ አገር" አለች። "አንቺ ሳትወለጂ ንብ ነድፎኛል" አልኳት።

ቀፎውን አቮካዶው ላይ ስሰቅል ገመዱን የያዘችልኝ ባለቤቴ ወርቅነሽ ናት። ካረፈች ሰባት ወሯ። የቤቱን ነገር ሁሉ በቃሏ ትይዝ ነበር። አሁን እኔ በደብተር እይዛለሁ። ፊደሌ ጠማማ ነው፤ ማንም አያየውም።

የልጅ ልጄ ምሕረት ከትምህርት ቤት መጣች። "አባባ፣ ንብ መንገዷን እንዴት ታውቃለች? መምህራችን አዋቂ ጠይቃችሁ ኑ ብለውናል።" ንብ ጌታዋን ታውቃለች፣ የእኔን ሽታ ተከትላ ትገባለች አልኳት። ጻፈችው። ደስ አለኝ።

ፀሐይ ስትገባ የቀፎውን አፍ በሳር ወትፌ፣ ስልሳ እርምጃ ቆጥሬ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ሰቀልኩት። ተገላገልኩ።

ረቡዕ
መጥፎ ቀን። ጠዋት ሳሩን ነቀልኩ። ወጡ። ዞር ብላ ቀፎዋን ያየች አንዲት የለችም። እኔም ከቤቴ ስወጣ በሩን አላየውም።

ረፋድ ላይ አቮካዶው ጋ ጩኸት ሰማሁ። ገመዱ በነበረበት ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ይዞራሉ። ቀፎው ስልሳ እርምጃ ላይ ሆኖ! ጠራኋቸው። ሽታዬን ያውቃሉ ብዬ ሸሚዜን አውልቄ ሰቀልኩላቸው። ሁለት ቦታ ነደፉኝ።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ቅርንጫፉ ላይ እንደ ጡጫ ተጨብጠው ቀሩ። በቅርጫት ለቅሜ ወደ ቀፎው መለስኳቸው።

ሐሙስ
ሲነጋ ተመልሰው አቮካዶው ላይ። ሥሩ የረገፉትን ጠረግኩ፤ ሁለት እፍኝ ሞልተዋል። ቀፎውን ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት። ድምፁ ቀጥኗል። እንዲህ ከሄደ ሳምንት አይቆዩም።

ግብርና ቢሮ ሄድኩ። በደጁ ሁለቴ አልፌ በሦስተኛው ገባሁ። ባለሙያዋ አልሳቀችብኝም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

"አባባ፣ ንብ የምታውቀው ቦታ ነው" አለችኝ። "መጀመሪያ የወጣች ቀን ዞራ ደጇን ታያለች። ዛፉን፣ አጥሩን፣ ጣሪያውን ትይዛለች። ሩቅ ስትሄድ ፀሐይን እያየች ነው። ሽታ የሚረዳት ደጃፏ ስትደርስ ነው፤ እሱም የቀፎው ሽታ ነው።"

"የእኔስ?"

"የእርስዎ አይደለም አባባ።"

ይኸውና። ሃያ ዓመት ያውቁኛል እል ነበር።

መድኃኒቱን ነገረችኝ። ሩቅ ወስጄ ሦስት ሳምንት ላቆያቸው። አገሩ እንግዳ ሲሆንባቸው እንደገና ዞረው ያያሉ። አሮጌውን ቦታ የሚያውቁት አርጅተው ያልቃሉ። ከዚያ ከእንሰቱ ጀርባ ብሰቅላቸው ይለምዳሉ።

ሩቅ ያለኝ ሰው አንድ ነው፤ ጉኑኖ ያለው የወርቅነሽ ወንድም፣ አንጁሎ። በለቅሶው ቀን "ብቻህን አትችልም፣ እኛ ጋ ና" ብሎኝ ደጅህን አልረግጥም ብዬዋለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ዓርብ
ምርጫዬ ይኸው ነው።
አቮካዶው ላይ ልመልሳቸው፤ ልጅቷ ትነደፋለች።
እዚሁ ልተዋቸው፤ ያልቃሉ።
ጉኑኖ።
ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ እንቢ አለኝ።

ምሕረት ሰኞ ክፍል ውስጥ የምታነብበትን ደብተሯን ይዛ መጣች። ባለሙያዋ ያለችውን ነገርኳት።

"ታዲያ የጻፍኩትን ላጥፋው?"

"አጥፊው።"

"ለምን አጠፋሽ ቢሉኝስ?"

"አያቴ ተሳስቶ ነበር በያቸው።"

ወርቅነሽ ይህን ቃል ከአፌ ለመስማት አርባ ዓመት ጠብቃለች።

ማታ አቮካዶው ላይ የተሰበሰቡትን ለቅሜ ቀፎው ውስጥ ዘጋኋቸው። ቀፎውን በጋቢዬ ጠቀለልኩት።

ቅዳሜ
ጎህ ሲቀድ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ጋቢው ሲያጉረመርም ሰምቶ፣ "አባባ፣ ይሄ ነገር ከተፈታ ባጃጁን ለእርስዎ ትቼ ነው የምሮጠው" አለኝ። ቀፎውን እስከ ጉኑኖ በጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ። እግሬ ደነዘዘ።

አንጁሎ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ጋቢውንም አየ።

"አንተ ነህ ንቡን ያመጣኸው፣ ወይስ ንቡ ነው አንተን ያመጣህ?"

"ንቡን ላስቀምጥ ነው። እመለሳለሁ።"

"ንብ ያለ ጠባቂ አላሳድርም" ብሎ ከረጢቴን ተቀብሎኝ ገባ። ሳቁ የእህቱ ነው። ፊቴን ወደ ማሳው አዞርኩ። ቀፎውን ከጓሮ ሰቀልነው።

እሁድ
ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። እኔ ቀፎው ፊት ተቀምጫለሁ። ሳሩን ነቀልኩ።

አንዲት ወጣች። አልበረረችም። ፊቷን ወደ ቀፎው አዙራ አየር ላይ ቆመች፣ ግራ ቀኝ አለች። ከዚያ ትንሽ ዞረች፣ ከዚያ ሰፋ አድርጋ ዞረች። ሌሎቹም ተከተሉ። ባለሙያዋ እንዳለችው ነው። ልጄ ቤት በእንግድነት ባድር እኔም ሲነጋ በሩን እንዲህ የምፈልግ ይመስለኛል።

ጥቂት ናቸው። ከነበሩት ሲሶ አይሞሉም። የወጡት ቆዩ። እንደገና ጠፉ ብዬ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ።

ቀትር ላይ አንዲት በእግሮቿ ቢጫ ዱቄት ተሸክማ ቀጥ ብላ ገባች። ያ የልጅ ምግብ ነው። ውስጥ ልጅ ከሌለ አያመጡትም። እንቁላል የምትጥለው እናቲቱ አልሞተችም ማለት ነው።

ሁለተኛዋን እየጠበቅኩ ነው።