ጣሪያ ላይ ስላለችው ሽቦዬና ስለ አውራ ጣቴ፤ ለሕንፃችን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሕንፃችን ሥራ አስኪያጅ፣

ይህን ብዕር የያዘችው ባለቤቴ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስትጽፍ ስለኖረች ጽሑፏ ይነበባል። ቃሉ ግን የኔ ነው። ሻካራ ነገር ካገኙበት የኔ ነው፤ ትህትና ካገኙበት እሷ ሹልክ አድርጋ ያስገባችው ስለሆነ ምስጋናውን ለሷ ያድርጉልኝ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ይህ ክረምት ልውጣ ልውጣ እያለ መውጣት አቅቶት በየግድግዳው እርጥበት በሚተፋበት ሰሞን፣ እርስዎ በዚያ ብርድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ወረቀት ሲለጥፉ፣ በየበሩ ቆመው ስለ እኔ ሲጠያይቁ ስለማይ፣ ጉንፋን እንዳይዝዎ ከልብ እሰጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይነጫነጫል።

ይህ ደብዳቤ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን ስለሚለጠፍ፣ ለማያውቁኝ ጎረቤቶች ማንነቴን ልናገር። እኔ ስድስተኛ ፎቅ በስተግራ በኩል ያለሁት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ምሰሶ ላይ ስወጣ የኖርኩ የሽቦ ሠራተኛ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ወረቀት ላይ ያለ ጽሑፍ ለኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ነገር ግን ፊደል በዓይኔ አልገባ ቢል በጆሮዬ ገባ፤ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ የነበረ አንድ ጓደኛዬ ሞርስ የሚባለውን፣ በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚመታውን ቋንቋ፣ ጠረጴዛ እየደበደበ አስተማረኝ። በቃል ተፈትኜ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አገኘሁ። ፈቃዱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማየት የፈለገ ጫማውን አራግፎ ይግባ።

ያ ጓደኛዬ ዛሬ ባሕር ማዶ ብቻውን ይኖራል። ጆሮው ፈጽሞ ደንቁሯል፤ ዓይኑም ደክሟል። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጣቶቹን የሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ላይ ያሳርፍና እኔ የምመታለትን በንዝረቱ ያነባል። እርስዎ “ስልክ ይደውሉለታ አባባ” ብለውኛል። ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ፤ ስልኩ ሲጮህ የሚሰማው ግን የጓደኛዬ ድመት ብቻ ናት። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ሳይመልስልኝ ቀረ። ደግሜ መታሁ፤ ዝም። ባለቤቴ ለእህቱ ልጅ ደወለችላት፤ ልጅቷ ሮጣ ብትሄድ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወድቆ፣ ዳሌው ተሰብሮ፣ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ አገኘችው። “እስከ ማታ እዚያው ቢቆይ ኖሮ አናተርፈውም ነበር” አለ ሐኪሙ፤ ዛሬ አልጋው ላይ ሆኖ ይመታልኛል። እንግዲህ እርስዎ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ሊያስወርዷት ያሰቧት የሬዲዮዬ አንቴና ሽቦ ይህን የምታደርግ ሽቦ ናት። አሁን ወደ ቅሬታዬ እገባለሁ። ባለቤቴ በቁጥር ይሁን ብላለች።

አንደኛ፤ ስለ ማስታወቂያዎ። “የስድስተኛ ፎቅ አንቴና ሐሙስ ይነሳል” የሚለውን ወረቀት ደረጃው መታጠፊያ ላይ ለጥፈው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በአጠገቡ እንዳልፍ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ጎረቤት ሁሉ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ አዲሱ ቆቤ አምሮብኝ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴም በዚያ ዓይኗ ደረጃ ስትወርድ ከእግሯ ሥር በቀር ስለማታይ አላየችውም። ማንበብ እንደማልችል እርስዎ ያውቃሉ፤ የውሃ ደረሰኝ ሲያመጡ በቃል የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት። በዚያ ትልቅ መፍቻዎ የውሃ ቧንቧውን በሞርስ ቢያንኳኩልኝ ኖሮ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አነበው ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ አውራ ጣቴ። ባለቤቴ ለዓይኗ ሐኪም ቤት በሄደችበት ሰዓት በሬን አንኳኩተው፣ ቀለሙንም ይዘው መጥተው፣ “አባባ፣ የውሃ ታንከር እጥበት ነው፤ እዚህች ጋ ጣት ብቻ” አሉኝ። እንዲያውም ጣቴን ራስዎ ያዙና ቀለሙን ቀቡልኝ፤ ሲጨርሱም በራስዎ መሐረብ ጠረጉልኝ። እንዲህ ያለ እንክብካቤ ከወለድኳቸውም አላገኘሁም። እሷ ከቤት በወጣች በሩብ ሰዓት ውስጥ መምጣትዎ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ይህን የምለው ባለቤቴ እንዲህ በል ስላለችኝ ነው። ባለፈው ሰኞ የወረቀቱ ግልባጭ በበር ሥር ገባ። አነበበችልኝ። “አንቴናዬን በገዛ ፈቃዴ ለማስወረድ ተስማምቻለሁ” ይላል። ስለ ታንከር አንድ ቃል የለበትም፤ ውሃውም ዛሬ ድረስ ዝገት ዝገት ይላል። ባለቤቴ አልተቆጣችኝም። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ክሱ። ሬዲዮዬ የሰው ቴሌቪዥን እያንጫረረ ያበላሻል ተብያለሁ። አምስተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ደረጃ ላይ ይዛኝ “አባባ፣ ድራማዬን በሉብኝ እኮ! ልጅቷ ማንን እንዳገባች እንኳ ሳላይ ቀረሁ!” ብላኛለች። እሷን አልቀየማትም፤ ደርሶባት ነው። ነገር ግን በእርስዎ መዝገብ ላይ የሠፈሩትን የአቤቱታ ቀኖች ባለቤቴ ቢሮዎ ድረስ መጥታ አንብባቸዋለች። ከነሱ ውስጥ ሦስቱ ቀናት ሬዲዮዬ አንድ ዕቃው ተቃጥሎ፣ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ የተኛባቸው ናቸው። ጓደኛዬ በአራተኛው ቀን ሲያገኘኝ መጀመሪያ የመታልኝ ስድብ ነበር፤ ሞተህ መስሎኝ ነው ብሎ። በዚያ ሦስት ቀን የሞተ ሬዲዮ የሕያዋንን ድራማ በልቷል ማለት ነው። ይህን ሬዲዮ ብሸጠው ሚሊየነር እሆናለሁ።

አራተኛ፤ ነገሩ ከነከነኝና ኪሴ የምትገባዋን ትንሽዬ ሬዲዮ ከፍቼ ደረጃውን ፎቅ በፎቅ ወጣሁ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ጸጥ ብላለች። አራተኛ ላይ ማጉረምረም ጀመረች። አምስተኛ ላይ ጮኸች። ጣሪያ መውጫው በር ላይ ስደርስ እንደ ተቆጣ ንብ መንጋ ሆነች። ቀና ብዬ ባይ በግንባሬ ትክክል እርስዎ በክረምቱ መግቢያ ያስሰቀሉት ካሜራ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ለካሜራው ኤሌክትሪክ የምትሰጥ አንዲት ርካሽ ጥቁር ሳጥን እዝዝ ትላለች። ዘበኛውን ለምን ተሰቀለ ብዬ ብጠይቀው “ለእርስዎ ነው አባባ፣ ማን ጣሪያ እንደሚወጣ ለማየት” ብሎ ሳቀ። ስለዚህ እኔን ለመጠበቅ የተሰቀለው ዕቃ የልብስ ሰፊዋን ድራማ ሲበላ ከርሞ፣ ዕዳው በኔ ተጽፏል። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። በዕድሜዬ ማንም ካሜራ ገዝቶልኝ አያውቅም።

አምስተኛ፤ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሰዎች ጣሪያ ላይ ሜትር ዘርግተው ሲለኩ አየሁ። ስጠይቅዎ “ቆርቆሮውን ነው” አሉኝ። የሕንፃችን ጣሪያ ሲሚንቶ ነው። የለኩትም የኔ ምሰሶ የቆመበትን ጥግ ብቻ ነው። በትከሻቸው የያዙትን ወፍራም ጥቁር ኬብል ሠላሳ አንድ ዓመት ስሸከም ስለኖርኩ ከሩቅ አውቀዋለሁ። እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የኔ ቀጭን ሽቦ ሰው ትረብሻለች ተብላ በወረደችበት ቦታ ላይ ከኔ አሥር እጥፍ የሚያክል የስልክ አንቴና ኪራይ እየከፈለ ቆሞ ብናይ፣ ያን ጊዜ ማንን እናመስግን? ጎረቤቶቼ ይህን ጥያቄ ቢሮዎ ድረስ መጥተው ቢያቀርቡልኝ ደስ ይለኛል። እኔ ብጠይቅ መልሱ ያው ቆርቆሮ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትህትና፣ (ይቺን ባለቤቴ ናት ያስገባቻት፣ ትቆይ) ያቺን በታንከር ስም የሰጠኋትን ጣት ከዛሬ ጀምሮ ማንሳቴን አሳውቃለሁ። ስለ ታንከሩ የሰጠሁት ፈቃድ ግን እንደጸና ነው፤ እባክዎ ይጠብልን።

ስለ ድካምዎ፣ ስለ መሐረብዎ፣ ስለ ካሜራዎ እያመሰገንኩ፣ የዓመቱ ብርድ በሰላም ወጥቶልዎ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ ላይ ተቀምጠው ለመሞቅ እንዲያበቃዎ እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜም በሩን ከማንኳኳትዎ በፊት ባለቤቴ መኖሯን እንዲያረጋግጡ እየለመንኩ፣ ወረቀት የማያነበው፣ ግን የሚሰማው፣

የስድስተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ

ጨርሻለሁ ካልኩ በኋላ የመጣልኝ፤ ሐሙስ ጠዋት ሠራተኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ካሜራዎን ለአንድ ሰዓት ብቻ ከመብራት ይንቀሉልኝ። እኔ ከጓደኛዬ ጋር እየተነጋገርኩ፣ ልብስ ሰፊዋም ቴሌቪዥኗን ከፍታ፣ ጎረቤት እቤቷ ተሰብስቦ ይይ። ምስሉ አንዴ እንኳ ከተንጫረረ፣ ሠራተኛ አያድክሙ፤ በዚህ ጉልበቴ ወጥቼ ሽቦዬን በገዛ እጄ አወርዳታለሁ። ካልተንጫረረ ግን ያችን ጥቁር ሳጥን እርስዎ ራስዎ ያወርዷታል፤ መሰላሉን እኔ እይዝልዎታለሁ። ካሜራውን ለመንቀል እንቢ ካሉም ችግር የለም፤ ያኔ ደግሞ ሁላችንም መልሱን ሳንፈትሽ አወቅነው ማለት ነው።

በይ አንቺ፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ፣ አንድም ቃል ሳትዘይ፣ ያለሰለስሻትንም ጭምር። ጣቴን የምሰጥሽ ሰምቼ ስጨርስ ነው።