ለሳሎን የሚሆኑ አበቦች

አዋሽ፣ በኅዳር ወር

በሰመራ ከተማ ለምትኖሪው ለሙሐመድሰዒድ ባለቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአንቺንና የቤተ ሰብሽን ጤና እጠይቃለሁ። የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የልጅሽ የፋሪሃ ሳል ተሻላትን? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ፤ ውሃዬንም ራሴ እቀዳለሁ። ደብዳቤውን በባለቤትሽ ስም መላኬ ንቀት እንዳይመስልሽ። ስታገቢ ሃይማኖትሽንም ስምሽንም እንደ ለወጥሽ ሰምቻለሁ። አዲሱን ብዕሬ አልለመደውም፤ አሮጌውን ብጽፍ ደግሞ ቤትሽን የምደፍር መሰለኝ።

ገና በልጅነቴ ከእናቴ ተለይቼ ከየኔታ እግር ሥር ተቀመጥሁ፤ ዳዊት እስክደግም ድረስ የአለንጋውን ጣዕም አወቅሁት። ሥዕል ልማር በገባሁ ጊዜ መምህሬ ብሩሽ ሳያስይዘኝ ለዓመታት ቀለም አስፈጨኝ፤ መስመር የሳተችውን እጄንም በመቋሚያ ይመታት ነበር። እንጀራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርጄ በመልካ ወረር የጥጥ እርሻ የመኪናና የመጋዘን ቁጥር ስጽፍ ወባ እየደጋገመ ጣለኝ። የአዋሽ ሙላት ቤታችንን ከነዕቃው ወሰደው። ወደዚህ ከተሻገርን በኋላ እናትሽ ከደጁ አበባ ተከለች፤ ሳትጠግበው ቀበርኋት። አንቺንም ያለ ዘመድ ብቻዬን አሳደግሁ። ከዚህ ሁሉ በአንዱ እንኳ አማርሬ አላውቅም፤ ዛሬም ላማርር አልጻፍሁም። የጻፍሁት አንድ ጉዳይ ልቋጭ ነው። የእጄ ሥራ ከቤትሽ ግድግዳ ይሰቀላልን ወይስ አይሰቀልም?

ፋሪሃ በተወለደች ጊዜ የእመቤታችንን ሥዕል ከነልጇ ሥዬ እንደ ላክሁልሽ አትዘነጊም። ዐቢይ ጾምን ሙሉ የሠራሁት ነበር። ሥዕሉ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ያለ አንዲት ቃል ተመለሰ። እኔም ቃል አልላክሁም። ያን ቀን ምን እንደ ተሰማኝ መናገር ልማዴ ስላልሆነ እዘለዋለሁ።

ካለፈው በፊት በነበረው ክረምት ግን ባለቤትሽ ከጅቡቲ ሲመለስ ያን ትልቅ መኪናውን ከደጄ ላይ አቁሞ ገባ። የቆመው ጎማ ሊያይ እንጂ እኔን ሊጠይቅ አለመሆኑን ደጋግሞ ነገረኝ፤ ጎማው ግን ደኅና ነበር። ውሃ ሰጠሁት፤ ቆሞ ጠጣ። ዐይኑን ከእናትሽ አትክልት ሳይነቅል «አባባ» አለኝ፤ «ያን ሥዕል የመለስነው ጠልተነው አይደለም፣ ወላሂ። ፊት ያለበት ሥዕል በተሰቀለበት ክፍል አንሰግድም፤ እኛ ደግሞ ያለችን አንዲት ሳሎን ናት። ሳጥን ውስጥ እናስቀምጠው ብላት እሷ አሻፈረኝ አለች። የአባቴ እጅ ከልብስ ጋር አይታጠፍም ብላ ሦስት ቀን ተኮራረፍን።» መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «አበባ ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ ነበርሁ የምሰቅለው!» ብሎኝ ሄደ።

እኔ አበባ ሥዬ አላውቅም ነበር። በእኛ ትምህርት አበባ ማለት የብራና ጠርዝ የሚያጌጥበት ሐረግ ነው እንጂ ብቻውን የሚቆም ሥዕል አይደለም፤ መምህሬ ቢያየኝ መቋሚያውን ያነሣ ነበር። የሆነ ሆኖ ከጋራዥ የተጣለ የጭነት መኪና ሸራ ለምኜ በእንጨት ወጠርሁ፤ የዘይት ቀለምም ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከጽጌረዳው ፊት ተቀመጥሁ። ሥራዬን ጨርሼ ወደ ኋላ ብል ከአበባው መካከል ሁለት ዐይኖች አተኩረው ያዩኛል።

ይህች እጅ ዕድሜዋን ሁሉ የተማረችው ፊት ነው፤ ክብ ነገር ካገኘች ዐይን ታኖርበታለች። በላዩ ቀለም ደረብሁበት። በማግሥቱ ቡገንቪላውን ጀመርሁ፤ ከቅጠሉ መሐል አፍንጫና ከንፈር ወጣ። ደረብሁ። በብሩሽ አልሸፈን ሲለኝ ከጋራዥ ስቱኮ የሚለስኑበትን ብረት ተውሼ ቀለሙን እንደ ጭቃ ለሰንሁት። ሰዎች ዛሬ የሚያደንቁት ውፍረት እንግዲህ የመጣው ከዚህ ነው።

የጋራዡ በለጠ ብረቱን ሊወስድ መጥቶ አንዱን ሥዕል ወዲህና ወዲያ እያለ አየና «ጋሼ፣ ይኼ ጽጌረዳ ነው ወይስ የተጋጨ የመኪና ፓራፋንጎ? በዚህ ሁሉ ቀለም እኮ እኔ አንድ ተሳቢ ሙሉ እቀባበት ነበር!» አለኝ። ጣቱን ሊሰነቅርበት ሲል እጁን ያዝሁት፤ በዚህ ሙቀት ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን ለወራት እርጥብ ነው።

በሰመራ ሆቴል የሚያሠራው ከድሩም ወሬውን ሰምቶ መጣ። ግድግዳዬን ዞሮ አይቶ «ሱብሓነላህ! ወጥተው እጄ ላይ ሊወድቁ ነው እኮ። ሁሉንም ይስጡኝ፣ ዋጋውን ራስዎ ይበሉ» አለ። የሚሸጡ አይደሉም አልሁት። «ታዲያ ለማን ኖሯል ይህ ሁሉ ድካም?» ብሎ ቢጠይቀኝ ለሰው ሳሎን ነው አልሁት፤ ከዚያ በላይ አልነገርሁትም።

ጠቅልዬ ለባለቤትሽ ላስጭን በተዘጋጀሁ ዕለት ግን ሕሊናዬ ያዘኝ። ከአበባው ሥር ምን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በቅንነት ደጄን የረገጠ ሰው በሚሰግድበት ክፍል ሳያውቀው ፊት ልሰቅልበት ነውን? እኔ በማላምንበት ነገር እንኳ ሰውን ማታለል አልተማርሁም። ስለዚህ ከባለሱቁ ከዩሱፍ ዘንድ ሄጄ፣ የወሎ ሰው ነው፣ ኪታብ ቀርቷል፣ የተሸፈነ ፊት እንደ ፊት ይቈጠራልን ብዬ ጠየቅሁት። ስኳር መመዘኑን ትቶ ሳቀብኝ። «አባባ፣ እኔ የማየው አበባ ነው። ከሥሩ ስላለው እርስዎና አላህ ተነጋገሩበት» አለ። ቈይቶ ግን ሳቁን ተወና «ቢሆንም ለሰውዬው ይንገሩት። አውቆ ከሰቀለው የራሱ ጉዳይ ነው፤ ሳያውቅ ከሰቀለው አታለውታል» አለኝ። እነሆ ነገርሁት፤ ይህን ክፍል አንብቢለት።

ከዚያ ወዲህ እጄን እንደ ጀማሪ ተማሪ መልሼ አስተማርኋት። ፊት ልታወጣ ስትል እያቆምኋት፣ ሸራ እያበላሸሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለራሴ መምህርም ተማሪም ሆንሁ። በመጨረሻ አንድ ጽጌረዳ፣ አንድ ቡገንቪላ፣ አንድ የሱፍ አበባ ወጡልኝ። ቀለማቸው እንደ ሌሎቹ ወፍራም ነው፤ ውፍረቱን ወድጄው ቀርቷል። ነገር ግን ማንም እስከ ሥሩ ድረስ ቢፍቃቸው ከሸራ በቀር የሚያገኘው የለም።

ከሌሎቹ ሥር ያለው የማን ፊት እንደ ሆነ ባለቤትሽ ይጠይቅ ይሆናል። የቅዱሳን አይደለም፤ ቅዱሳንን የምሸፍን ሰው አይደለሁም። የእናትሽም አይደለም፤ እርሷን በተከለችው ሁሉ ጠዋት ማታ አያታለሁ። በሁሉም ሥር ያለው አንድ ሰው ነው። በግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለበት፤ ጠባሳው በልጅነት ከመልካ ወረር የመስኖ ቦይ ድልድይ ላይ በመውደቅ የመጣ ነው። የወደቀው ሰው ይህን ደብዳቤ ሲያነብ ያውቀዋልና ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በሚመጣው ማክሰኞ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት እገባለሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ልጅ እንዳለኝ ጠየቀኝ። አለኝ አልሁት። እንዳትደነግጪ፤ መንገዱም ሩቅ ነውና ተነሥተሽ ነይ አላልሁሽም።

ፈጣሪ ቤትሽን በሰላም ያኑርልሽ። የባለቤትሽን የጅቡቲ መንገድ ከገዋኔ እስከ ዲቾቶ፣ ከዚያም ወዲያ ያቅናለት። ሙቀቱን ያብርድላችሁ፤ ማዕዳችሁን ያስፋ፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕርግ ያብቃልሽ።

የማወርሰው እንግዲህ ይህ ነው። ከሥራቸው ፊት የሌለባቸውን ሦስቱን ሥዕሎች ለልጄ ባል ለሙሐመድሰዒድ ሰጥቻለሁ። ይህን ቤትና በደጁ ያለውን አትክልት ለልጅ ልጄ ለፋሪሃ አውርሻለሁ። የቀሩት ሥዕሎች በሙሉ የአንቺ ናቸው።

አባትሽ