ጽጌረዳን የወደዱ የቦቴ ሹፌር፦ የአቶ ወርቅአየሁ ኢቲቻ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወርቅአየሁ ኢቲቻ ከአባታቸው ከአቶ ኢቲቻ ጎበናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐዬ ወልደ ኢየሱስ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር በዲላ ከተማ መስከረም 21 ቀን 1921 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በቡና መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነበሩ። አቶ ወርቅአየሁ ገና ልጅ ሳሉ ከተደረደረው ጆንያ መካከል እርጥበት የገባበትን በአፍንጫቸው ብቻ ለይተው ያወጡ ስለነበር፣ ነጋዴዎቹ ቡና ሲረከቡ የኢቲቻን ልጅ ጥሩልን ይሉ እንደነበር እናታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያወሩት ኖረዋል።

በተወለዱበት ከተማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1938 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው ፈረንሳይ ለጋሲዮን በአጎታቸው ቤት ተቀመጡ። በ1943 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው በመጀመሪያ በጭነት መኪና፣ ኋላም በነዳጅ ቦቴ የአሰብን መንገድ ሠላሳ ሁለት ዓመት ተመላልሰውበታል። በዚህ ሁሉ ዘመን መኪና ገልብጠው አያውቁም። ሚሌ በረሃ ላይ ቆሞ ያገኙትን መኪናም ሳይረዱ አላለፉም።

የጽጌረዳ ፍቅር የጀመራቸው በ1949 ዓ.ም. አሰብ ላይ ነው። የናፍጣ ሽታ ከእጃቸው አልለቅ ብሏቸው ሁነኛ ሳሙና ፍለጋ ሐጂ ነጅመዲን ከሚባሉ የሽቶ ነጋዴ ሱቅ ገቡ። ሐጂ ነጅመዲንም ለናፍጣ የሚሆን ሳሙና እንደሌላቸው ነግረው፣ በቀጭን የመስታወት ዘንግ ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ጠብታ አንስተው እጃቸው ጀርባ ላይ ቀቧቸው። ከዓረብ አገር ከጣኢፍ የመጣ ንጹሕ የጽጌረዳ ዘይት ነበር። አቶ ወርቅአየሁ ሳይገዙ ወጡ። ነገር ግን እስከ አዲስ አበባ ድረስ በአንድ እጃቸው መሪ ይዘው ሌላውን እያሸተቱ መጡ። በሚቀጥለው ጉዟቸው ዕቃ ከማስጫናቸው በፊት ወደ ሐጂ ሱቅ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቻቸው ከአሰብ ሬዲዮና ሸራ ጫማ ሲያመጡ፣ እሳቸው አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ በጥጥ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘው ይገቡ ነበር። ሌላ ሽቶ ቢሰጧቸው አይቀበሉም፤ ጽጌረዳ ብቻ። የፋርሱን፣ የሕንዱን፣ የቱርኩን አንድ በአንድ አሰባሰቡ። ከመንገድ በተመለሱ ማግስት ገላቸውን ታጥበው፣ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አድርገው በረንዳ ላይ ይቀመጡና አንዷን ጠርሙስ ብቻ ይከፍታሉ። በአንድ ቀን ሁለት መክፈት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንደማናገር ነው ይሉ ነበር። የጣኢፉ መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ እንደሚል፣ ቆየት ሲል ማር እንደሚሆን፣ የሕንዱ ግን ዝናብ የመታው አፈር እንደሚሸት ለመጣው እንግዳ ሁሉ በትዕግሥት ያስረዱ ነበር።

በ1951 ዓ.ም. ከወይዘሮ አገርነሽ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ትዳሩ በስምንተኛው ወር ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ወይዘሮ አገርነሽ ከባለቤታቸው ሸሚዝ ላይ የጽጌረዳ ሽታ አግኝተው ልብሳቸውን ሰብስበው እንጦጦ ሥር እናታቸው ቤት ገቡ። ሽማግሌ ተላከ። አቶ ወርቅአየሁ ግን በሽማግሌዎቹ ብቻ አልተማመኑም፤ የእንጨት ሣጥናቸውን ተሸክመው ራሳቸው መጡና አሥራ አንዷን ጠርሙስ በሽማግሌዎቹ ፊት ደረደሩ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ አሸተቱ፤ ወይዘሮ አገርነሽም አሸተቱ። ከዚያም፣ «ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ አንድ ቀን ትሰለቸው ነበር። ይሄስ እስከ መቃብር አይለቀውም» አሉ። ሳቁ፤ ሣጥኑንም በአንድ በኩል ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚህ ትዳር ሦስት ልጆች ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ሽቶ ከገበያ ጠፋ። በ1969 ዓ.ም. አንድ ቡልጋሪያዊ የእርሻ ባለሙያ መኪናው በአዋሽ መንገድ ላይ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጥሶ ቆሞ አገኙት። ቀይረው ሲያስነሱለት ውለታቸውን ለመመለስ ከሻንጣው ያወጣላቸው በተቀረጸ እንጨት ውስጥ የተቀመጠች የአገሩን የጽጌረዳ ዘይት ነበር። ሰውዬው ጽጌረዳ እንደሚወዱ በምን አወቀ ቢባሉ፣ እሳቸውም እስከ መጨረሻው የገረማቸው ይኸው ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ማለዳ ላይ ሰፈሩ ሲታሰስ የአብዮት ጥበቃዎች ሣጥኑን አገኙ። ሠላሳ አራት ጠርሙስ ነበረበት። ለድብቅ ጽሑፍ የሚሆን ኬሚካል ነው ተባለና አቶ ወርቅአየሁ ከነሣጥናቸው ወደ ቀበሌ ተወሰዱ። በዚያ ዓመት በቀበሌ መያዝ ምን ማለት እንደነበር እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን፤ ልጆቹ አልቅሰዋል፣ ጎረቤትም በሩን ዘግቷል። ሽቶ መሆኑን ሲያስረዱ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ለአንድ ጭቁን ሹፌር ይህ ሁሉ ሽቶ ምን ያደርግለታል ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ «ሃያ ሰባት ዓመት ናፍጣ ለሸተተ ሰው፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይሄም ያንሰዋል» ብለው መለሱ። መልሱ አልተወደደም፤ ታስረው አደሩ።

በማግስቱ ወይዘሮ አገርነሽ ከልብስ ሣጥናቸው ውስጥ ሳትታይ የቀረችውን የቡልጋሪያዋን ሽቶ ይዘው ቀበሌ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «ይቺ ከቡልጋሪያ ናት። የወንድም ሶሻሊስት አገር ሠርቶ አደር የሠራውን አድኃሪ ነው የምትሉ ከሆነ በወረቀት ጻፉልኝና ልሂድ።»

የሚጽፍ አልተገኘም። ሊቀ መንበሩ ሽቶ ለመሆናቸው ማረጋገጫ ሁሉም ይከፈቱ ሲል አዘዘ፤ ሠላሳ አራቱም ባንድ ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ ተከፈቱ። ስኳር ሊወስድ የተሰለፈው ሕዝብ ተራው ደርሶት እንኳ አልወጣ አለ። የውይይት ክበቡ ለሦስት ሳምንት በጽጌረዳ መዓዛ ውስጥ ተካሄደ። ከጥበቃዎቹም የሁለቱ ሚስቶች ባሎቻቸውን ተጠራጥረው ለማጣራት ወይዘሮ አገርነሽ ዘንድ መጡ። እሳቸውም ነገሩ የደረሰባቸው ናቸውና ሣጥኑን ከፍተው አስረድተው ሸኟቸው።

አቶ ወርቅአየሁ ሽቶው በተከፈተበት ቀን ሲለቀቁ የተመለሰላቸው ሠላሳ ሦስት ነው። የፋርሷ ጎደለች። በስድስተኛው ወር ሊቀ መንበሩ ሲያገባ፣ አቶ ወርቅአየሁ ከድንኳኑ ደጃፍ ገና ሲደርሱ የት እንደሄደች አወቁ። ገብተው ሙሽሮቹን መረቁ፤ ለሙሽራው ጠጋ ብለውም ያቺ ስትበዛ ራስ ታዞራለችና በጥቂቱ አድርጓት ሲሉ መከሩት። ሊቀ መንበሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ሲያገኛቸው ቆቡን አንስቶ ያልፍ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሣጥኑ የሰፈሩ ሁሉ ሆነ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ወሰን ሰፈር ክርስቲያንም ሙስሊምም ልጅ ሲድር ወደ አቶ ወርቅአየሁ ይልካል። እሳቸውም ከሙሽራዋ ጆሮ ጀርባ አንዳንድ ጠብታ ቀብተው ይመርቁ ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ከይሪያ አራቱንም ሴት ልጆቻቸውን ሲድሩ የመረጡት የሕንዱን ነው።

በ1975 ዓ.ም. የወገብ ሕመም መሪ ካስለቀቃቸው በኋላ እቤት ዋሉ፤ እጃቸው ግን ሥራ መፍታት አልቻለም። በ1976 ዓ.ም. የራሳቸውን ጽጌረዳ አወጣለሁ ብለው ተነሡ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ አረቄ የሚያወጡበትን ዕቃ አዋሷቸው፤ አጥር ጥግ ጽጌረዳ ያለው ሁሉ አበባውን በዘንቢል አመጣ። የመጀመሪያው አረቄ አረቄ ሸተተ። ሁለተኛው አረረ። በሦስተኛው፣ ከሁለት ጆንያ አበባ አንድ ሲኒ የማትሞላ የጽጌረዳ ውኃ ጠብ አለች። እሳቸውም አሽትተው የረዷቸውን ሰዎች ሁሉ ከጣኢፉ አታንስም አሏቸው። ቤተሰባቸው እስከሚያውቀው ድረስ አቶ ወርቅአየሁ በሕይወታቸው የተናገሩት ውሸት ይህ ብቻ ነው።

ከ1981 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሕመሙ ሲጠናባቸው የተዘጋ ሽቶ ለማንም አይጠቅምም በማለት፣ ሊጠይቃቸው የመጣ ሁሉ አንዳንድ ጠርሙስ መርጦ እንዲሄድ አዘዙ። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ መጠየቁን ቤተሰቡ አይቶ እንዳላየ አልፏል። በመጨረሻው ሳምንት ሰባት ቀሩ። ጥር 18 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ጨዋታ አድርገው ወይዘሮ አገርነሽን ዓይናቸውን አስጨፍነው ሰባቱን አንድ በአንድ አስሸተቷቸው። ወይዘሮ አገርነሽ ሰባቱንም በየአገሩ ስም ጠሩ፤ አንዷንም አልሳቱ። አቶ ወርቅአየሁ ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ ሳቁ። «ለመሆኑ መቼ ተማርሽው?» ሲሏቸው፣ ወይዘሮ አገርነሽ፣ «ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንተ አሰብ ስትሄድ ማን እቤት የቀረ መሰለህ?» ብለው መለሱላቸው።

በማግስቱ ጥር 19 ቀን 1982 ዓ.ም. ማለዳ አቶ ወርቅአየሁ ኢቲቻ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ቤተሰብ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው በተገኙበት ዛሬ ይፈጸማል።

አቶ ወርቅአየሁ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አገርነሽን፣ ልጆቻቸውን ብርቅነሽን፣ ደምሰውንና ዘነቡን፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። በእጃቸው የተቀቡ ሙሽሮችም በየቤታቸው አሉ።

ደግ ሥራን እንደ መልካም ሽታ የሚቀበል አምላክ ነፍሳቸውን ከወዳጆቹ ጋር በገነት ያኑርልን፤ ለወይዘሮ አገርነሽና ለልጆቻቸውም መጽናናቱን ያብዛልን። አሜን።