አንድ ማሽን፣ ሁለት መዝገብ

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከቀኑ 8 ሰዓት

ሰርቨሩ፣ የክሊኒኩን መዝገብ የሚይዘው ማሽን፣ ዛሬም ስታክ አድርጎ፣ ደርቆ ቆሞ ጠበቀኝ። በአሥር ቀን ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ተነሣ። ለምን እንደቆመ አላውቅም። ለምን እንደተነሣም አላውቅም።

ደብተሬ፣ ለሌላ ሰው የማልናገረውን ላንቺ ልንገርሽ። ክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ብሎ ቀጥሮኛል፤ እኔ ግን ማሽኑ ውስጥ ያለውን በቅጡ አላውቀውም። የሠራው ዳዊት ነው። ከኔ በፊት እዚህ የነበረ፣ ሥራውንም ያስተማረኝ፣ አሁን አዋሳ የገባ። የታካሚዎቹን መዝገብ የሚይዘውን ዳታቤዝ ከሶርስ ነው የጫነው። ጥሬውን ኮድ አምጥቶ፣ እዚሁ ማሽኑ ላይ ኮምፓይል አድርጎ፣ ወደሚሠራ ፕሮግራም ለውጦ፣ ደስ ያለው ቦታ አስቀምጦት። የት እንዳስቀመጠው ግን አልጻፈም።

ባለፈው ዓርብ በሱ መንገድ ላድሰው ሞከርኩ። አንድ ነገር ይጎድላል አለኝ። ያንን ስጨምር ሌላ ጎደለ። ሌላውን ስጨምር ተመልሶ የመጀመሪያውን ጠየቀኝ። እስከ ማታ ስዞር ዋልኩ።

ዛሬ ከአዋሳው ሥልጠና ይዤው የመጣሁትን ሲዲ አወጣሁ። አሠልጣኙ ሲደጋግም የነበረው፦ ሶርስ ምናምን አትንኩ፣ ተዘጋጅቶ የታሸገውን ፓኬጅ ጫኑ፣ በቃ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም! ለሙከራ ብዬ የመስከረሙን ባክአፕ፣ የመዝገቡን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ገለበጥኩበት። የይለፍ ቃሉንም ያንኑ የድሮውን አደረግኩ። ማሽኑን አጥፍቼ ሳስነሣው የታካሚዎቹ ዝርዝር እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሙሉ ሆኖ መጣ።

የመስከረሙ ብቻ መሆን አልነበረበትም? ምናልባት አዲሱ የድሮውን አግኝቶ ራሱ አዋሕዶት ይሆናል። እንደዚያ ያደርጋል እንዴ? አላውቅም። ይሠራል። እየሠራ አልነካውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ምሳ ሰዓት

ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ላምቤቦ ቢሮዬ መጡ። የካርድ ክፍሉ ሰው ናቸው፤ ክሊኒኩ ሲከፈት ጀምሮ አሉ። ስም ጠፋብኝ ይላሉ። አንድ ሁለት ሳይሆን ብዙ። ሄጄ አየሁ፤ እውነትም የሉም። አጥፍቼ አስነሣሁት። ሁሉም ተመለሱ።

ጋሽ ላምቤቦ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ መስኮታቸው ተመለሱ።

ምክንያት መፈለግ ነበረብኝና አገኘሁ። ስም አጻጻፍ ነው። የሀዲያ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ በአንድ ኤ፣ ሌላው በሁለት ኤ። የክሊኒካችን ኃላፊ ሲ/ር አስቴር ስትጠይቀኝ ይህንኑ ነገርኳት። አመነችኝ። እኔ ራሴን አምኜው ይሆን?

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ከሥራ በኋላ

ለዳዊት ደወልኩ። ፓኬጅ መጫኔን ነገርኩት። ከዚያ አርባ ደቂቃ ሙሉ ወቀሰኝ። ፓኬጅ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው ይላል። ከሶርስ ስትጭኚ እያንዳንዷን ነገር ታውቂያታለሽ ይላል። የት ነው ያስቀመጥከው ብዬ ስጠይቀው ግን ረስቶታል። ያንቺ ነው የሚገርመኝ፣ ለምን አትፈልጊውም ብሎ ተቆጣ።

ከዚያ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ፣ አሠልጣኙ ለኢሜይሌ የላከልኝን መልስ አነበብኩ። ሁለት መስመር። ከሶርስ የተጫነውን ሁሉ አጥፊው፤ እንደሱ የሚሠራ ሰው አሁን የለም።

አንዱ ያስተማረኝ ሰው። ሌላው ሰርተፊኬት የሰጠኝ ሰው። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። እርግጠኛ ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ማሽኑ ግን ያለው እኔ ጋ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። 10 ሰዓት ተኩል

ጠዋት መብራት ሄዶ ነበር፤ ማሽኑ ወደቀና ተነሣ። እኔ ዞኑ ስለ ቢፒአር፣ ስለ አሠራር ለውጡ፣ የጠራው ስብሰባ አለብኝ፣ ረፍዷል፣ ቦርሳዬን አንግቤ ስወጣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አንድ ሰው። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ኪሱ ላይ ቀይ እስክሪብቶ።

"ስምዎ የለም" ይላሉ ጋሽ ላምቤቦ።

"በጥቅምት ተመዝግቤያለሁ እኮ። ማቴዎስ፣ ከዳምቦያ።"

"እዚህ የለም።"

ቆም አልኩ። በካርድ ቁጥር ይፈልጉት ብዬ አለፍኩ። እንደ ረቡዕ ዕለት አጥፍቼ ላስነሣው አሰብኩ፤ ግን ሠላሳ ሰው ወረፋ ይዟል፣ ስብሰባውም አለ። ሰውየው ዞር ብለው ከኋላ የቆሙትን አዩ። "ግድ የለም፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። የመጡበትን ጉዳይ ሰው ፊት መናገር ያልፈለጉ መሰለኝ።

ማሽኑ ላይ ስሙ የሌለ ሰው መድኃኒት አይሰጠውም። ይህ ደንብ እንዲወጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የወረቀት ካርዱ ይቅር ብዬ የተከራከርኩትም እኔ።

ስብሰባው ላይ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ሲወራ ዋለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ስታክ አደረገ። አጥፍቼ አስነሣሁ። ሌላ የምጽፈው የለም። ደክሞኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 9 ሰዓት



የሰኞው ሰውዬ ባለቤት መጣች። ወ/ሮ አማረች ትባላለች። ጋቢዋ ላይ የመንገዱ አቧራ። ተቀመጪ ብንላት እምቢ አለች።

ባሏ መምህር ነው፤ ሒሳብ ያስተምራል። የሚጥል በሽታ አለበት። ዳምቦያ ማንም እንዳያውቅበት ብሎ ነው ለመድኃኒቱ እዚህ ድረስ የሚመላለሰው። ቅዳሜ መድኃኒቱ አለቀ፣ ሰኞ መጣ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ።

"ትናንት አምስተኛ ክፍል ፊት ወደቀ" አለች። "ስምንት ዓመት እኔና እሱ ብቻ ነበር የምናውቀው። አሁን ከተማው ሁሉ ያውቃል።"

ሲ/ር አስቴር መድኃኒቱን ራሷ አምጥታ ሰጠቻት። ከዚያ ጋሽ ላምቤቦን ጠራች፣ እኔን ጠራች፣ መዝገቡን ክፈቺ አለችኝ። ከፈትኩ። ማቴዎስ፣ ዳምቦያ፣ ጥቅምት። ስሙ ቁጭ ብሏል።

ሁላችንም ወደ ጋሽ ላምቤቦ ዞርን።

"ሰኞ አልነበረም" አሉ።

ሲ/ር አስቴር ስም መፈለግ ያቃተው ሰው መስኮት ላይ አይቀመጥም አለች። የፊታችን ሰኞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይሰጣቸዋል። እኔ ሰኞ ዕለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ረቡዕም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስሞች ይጠፋሉ። ለምን አልተናገርኩም? ምን ብዬ? ማሽኑ ስም ይደብቃል ልበል?

ዓርብ፣ ኅዳር 12። 5 ሰዓት ከጠዋቱ

ሁለት ናቸው።

4 ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ ማሽኑ አጠገብ ነበርኩ። ሲነሣ ስክሪኑን መስመር በመስመር አነበብኩ፤ ከዚህ በፊት አንብቤው አላውቅም። የኔ ፓኬጅ ተነሣ። ቀጥሎ የዳዊቱ ሊነሣ ሞከረና ቦታው ተይዟል ብሎ ቆመ።

ምንም የተዋሐደ ነገር የለም። አንድ ማሽን ውስጥ ሁለት ዳታቤዝ፣ ሁለት መዝገብ። የሚገቡበት በር ግን አንድ ነው፤ የቀደመው ይይዘዋል። እኔ በሥርዓት አጥፍቼ ሳስነሣው የዳዊቱ ይቀድማል። መብራት ድንገት ከሄደ ግን የዳዊቱ የተጎዳ ነገር እንዳለ ፋይሎቹን ሲመረምር ይዘገያል፣ የኔው ይቀድመዋል። የኔው የሚያውቀው እስከ መስከረም የተመዘገበውን ብቻ ነው። መ/ር ማቴዎስ የተመዘገቡት በጥቅምት።

የጋሽ ላምቤቦ ዓይን ትክክል ነበር።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ደብተሬ፣ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። አንዱን ባጠፋው ችግሩ በዚያው ያበቃል። ማንም አያውቅም። ሲ/ር አስቴር የደብዳቤውን ረቂቅ አስተካክዪልኝ ብላ በፍላሽ ሰጥታኛለች። "በቸልተኝነት" የሚል ቃል አለበት። ፊደሉን አስተካከልኩ። ቃሉን አልነካሁትም። መልሼ ሰጠኋት።

ጋሽ ላምቤቦ ሲወጡ እንደ ሁልጊዜው ደህና እደሪ ዘኒ አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ማታ 12 ሰዓት

ዳምቦያ ሄጄ መጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሚኒባሱ ውስጥ የምለውን ስለማመድ ነበር፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ።

መ/ር ማቴዎስ ደጃፋቸው አግዳሚ ላይ ደብተር ያርማሉ። ግንባራቸው ላይ ፕላስተር። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ልነግርዎ ነው የመጣሁት አልኳቸው። አስረጂኝ አሉ። ሶርስ፣ ፓኬጅ እያልኩ ተንተባተብኩ። ደብተሩን ዘግተው ሰሙኝ።

"አንድ ክፍል ሁለት የስም መጥሪያ አለው ማለት ነው" አሉ በመጨረሻ። "ጠሪው የትኛውን እንዳነሣ አያውቅም።"

አዎ አልኩ። አሥራ ሁለት ቀን የተደናገርኩበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቀይ እስክሪብቷቸውን ከደኑት።

"እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስምዎ የለም ሲሉኝ አምኜ መውጣቴ። ይኸው ቆሜያለሁ፣ አለሁ ማለት ነበረብኝ። ግን ከኋላዬ ሰው ነበር።"

ስለ ልጆቹ ጠየቅኳቸው። የወደቁ ዕለት አንዲት ተማሪ ሹራቧን ከራሳቸው ስር አድርጋላቸዋለች። ትናንት ወደ ክፍል ተመልሰው ሲገቡ የሳቀ የለም። አንድ አባት ግን ልጄን ከዚያ ክፍል አውጡልኝ ብሎ ለርእሰ መምህሩ አመልክቷል። ይህን ሲሉ ወደ ደብተሮቹ ተመለሱ፤ ሂጂ ማለታቸው ይሁን አይሁን አልገባኝም። ወ/ሮ አማረች እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ይቅር አልንሽ አላለችም። መኪናው እስኪሞላ ግን አብራኝ ቆመች።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከሥራ በኋላ

ነገርኳት። በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ፣ ሁሉንም።

ሲ/ር አስቴር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ዓርብ።"

"ዛሬ ሰኞ ነው፣ ዘነበች።"

ይኸው ነው የተናገረችው። ከመሳቢያዋ የጋሽ ላምቤቦን ደብዳቤ አውጥታ ቀደደችው። ነገ በኔ ስም ይጻፋል። ትክክል ነው። ሲነገረኝ ግን ፊቴ ጋለ።

ካርድ ክፍል ገብቼ ጋሽ ላምቤቦን ይቅርታ ጠየቅኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔ እኮ ዓይኔ ከዳኝ ብዬ ነበር" አሉ። "ለሚስቴም ነግሬያታለሁ። ጡረታ ልጠይቅ ብዬ ተማክረን ነበር።"

ይህ ከደብዳቤው የበለጠ መታኝ።

ሥራው ገና ነበር። በሁለቱ ሳምንት የተመዘገቡት ግማሹ በዳዊቱ፣ ግማሹ በኔው ተበትነዋል። የትኛው ሰው የት እንዳለ በምን እንለየው ስል ጋሽ ላምቤቦ ከጠረጴዛቸው ስር ደብተር አወጡ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መስኮቱ ላይ የመጣውን ሁሉ በእጃቸው ሲጽፉ ኖረዋል። ለምን አልነገሩኝም አልኩ። ወረቀት ይቅር ያልሽ አንቺ ነሽ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው አሉ።

እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እፈልጋለሁ። ስም በስም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ከቀኑ 9 ሰዓት

ሁለቱን መዝገብ አንድ አደረግናቸው። የቀረው መምረጥ ነው። ከሶርሱ ወይስ ፓኬጁ?

ጠዋቱን ሙሉ አሰብኩበት፣ አሁንም ግልጽ አልሆነልኝም። የዳዊቱ ሁለት ዓመት ታካሚ አልጠፋበትም። ማሽኑን ከራሱ ጋር ያጣላሁት እኔ ነኝ። ግን ያለ ዳዊት ማንም ሊጠግነው አልቻለም፤ ዳዊት ራሱም ረስቶታል። ፓኬጁን መረጥኩ። ስለተሻለ አይደለም፤ እኔ ነገ ብሄድ የሚመጣው ሰው የት እንዳለ ያገኘዋል። የዳዊቱን ቅጂ ሲዲ ላይ አስቀርቼ ከማሽኑ አጠፋሁት። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ለዳዊት ምን እንደምለውም አላውቅም።

ከዚያ ጋሽ ላምቤቦን ሶኬቱን ይንቀሉት አልኳቸው። በድንገት፣ እንደ መብራት ኃይል። ነቀሉ። ሰኩ። ጠበቅን። ማቴዎስ፣ ዳምቦያ፣ ጥቅምት። ደግመን ነቀልን። አለ። ሦስተኛም።

"እና የትኛው ነበር ትክክሉ?" አሉ ጋሽ ላምቤቦ።

አላውቅም አልኳቸው።

ደብዳቤዬን ፈርሜ ወሰድኩ። ስፈርም ለሲ/ር አስቴር አንድ ነገር ለመንኳት፤ ደንቡን እንድትሽረው። እንደገና የሚጠፋ ነገር የለም ብዬ መማል አልችልም። እሺ አለች፣ ራስሽ ጻፊው። ጻፍኩ፦ "ስምዎ ማሽኑ ላይ የለም ቢባሉ አይሂዱ። ይቀመጡ። መድኃኒትዎን ሳይወስዱ አይመለሱም።" መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት።

ጋሽ ላምቤቦ አዩትና እስክሪብቶ አወጡ። ከቦኖሻ የሚመጡት እናቶች ይህን አያነቡም አሉ። ከስሩ በሀዲይኛ ጻፉበት፤ ከኔው አንድ መስመር ይረዝማል። የእናቴ ቋንቋ ነው፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት። እኔ ያላልኩትን ጨምረዋል፦ ላምቤቦን ጥሩ።

ከምባትኛው ይቀራል አሉ። የሚጽፍልን ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የዳምቦያው መምህር። በሚቀጥለው ወር ለመድኃኒታቸው ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ። ሰው በሚያይበት መስኮት ላይ፣ በገዛ እጃቸው ጽሑፍ። እሺ ይሉኝ ይሆን?