ያልበላሁት ጭኮ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እህቴ ለብዙወርቅ፤ ድሬዳዋ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? የድሬው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጋሽ ሳህሌ ከባቡር ሥራው ጋር እንዴት ነው? አስቴርስ በትምህርቷ በረታች? እዚህ ላይ ሁልጊዜ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እጽፍልሽ ነበር። ዛሬ አልጻፍኩትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስዋሽሽ ኖሬያለሁና ይቅር በይኝ።

ነገሩ የሆድ ድርቀት ነው። ሲጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ለሰው ለመንገር ግን ያሳፍራል። ስምንትም ዘጠኝም ቀን ሽንት ቤት ተመላልሼ ባዶዬን እወጣለሁ። ሆዴ ይነፋል፤ ሁለት ጉርሻ ስበላ እስከ ጉሮሮዬ እሞላለሁ። የኮሶ ትል እየመሰለኝ በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጣሁ፤ ተልባውንም ጠጥቼ ጠጥቼ ሰለቸኝ። ለጥምቀት በጋሽ ለሜሳ እጅ በባቡር የላክሽልኝን ጭኮ አንድ ማንኪያ ቀምሼ ለግቢው ሰው አከፋፈልኩት። «ጣት ያስቆረጥማል፣ ብቻዬን ጨረስኩት» ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

የሚያስቀው፣ እዚህ ግቢ የምታወቀው በጾመኛነቴ ነው። መብል ላይ ስለማልቀርብ ለእግዜር ያደረግሁት መስሏቸዋል። ሰው ሊጠራኝ ሲመጣ አከራዬ እማማ ዳሲቱ «ተዋት፣ እሷ የጾም ሰው ናት» እያሉ ይመልሱልኛል። የንስሐ አባቴ አባ ገብረጻድቅማ የጎረቤት ልጃገረዶችን እኔን እያነሱ ሲገሥጹ ሰምቼ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው፤ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መከበሩም ጣመኝ። እያደር ለክርስትናም ለማኅበርም የሚጠራኝ ጠፋ። ከፋብሪካ ስመለስ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ወደ እናንተ የሚሄደው ባቡር ሲጮኽ እሰማና ሆድ ይብሰኛል።

ባለፈው ወር ሥራ ላይ ወድቄ ከተማ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሙ በራጅ የሚታይ ነገር አስውጦ በአምስት ቀን ሦስት ጊዜ አነሳኝ። ትል የለብሽም፣ አንጀትሽ ቀርፋፋ ነው አለኝ። የአቃቂ ሰው መሆኔን ሲሰማ፣ በየጣቢያው እንደሚቆም የጭነት ባቡር ማለት ነው ብሎ አስረዳኝ። ኮሶ ሁለተኛ እንዳልነካም ተቆጣኝ። ያለሽ መንገድ ሁለት ነው አለ። አንደኛው፣ የሚጠጣ መድኃኒት እየወሰድኩ፣ ጠዋት እንደተነሳሁ ቁርስ በልቼ ውሃ ጠጥቼ፣ ሳልቸኩል ሽንት ቤት መቀመጥ ነው፤ ለሦስት ወር። ሁለተኛው ሆዴን ከፍቶ ትልቁን አንጀት ቆርጦ ማውጣት ነው። እሱ ያድንሽ ይሆናል፣ ግን ተቅማጥ ሊያመጣብሽ ይችላል፣ መነፋቱም ላይለቅሽ ይችላል አለኝ። ምንም አልደበቀኝም።

ሞኝነቴን እይልኝ፣ ልቤ የሄደው ወደ ቢላዋው ነው። ሁዳዴ ሊገባ ነበር፤ ግቢያችን ለሰባት አባወራ ያለው አንድ ሽንት ቤት ነው። በጾም ቁርስ በልቼ፣ ሰው በር እያንኳኳ ግማሽ ሰዓት ከምቀመጥ መቆረጡ ቀለለኝ። ነርሷ የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ስትሞላ ግን አስታማሚሽ ማን ነው አለችኝ። ደግማ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ዓመት ከኖርኩበት ሰፈር አንድ ስም አጣሁ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ወረቀቱ ይቆይልኝ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ለአባ ገብረጻድቅ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። በሽተኛ በልቶ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ለጎረቤቶችሽ ግን ራስሽ ንገሪያቸው አሉኝ። ይኸው ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቂጣዬን በሻይ እበላለሁ። ሆዴ ሁለት ጊዜ ታዞልኛል፤ ሁለትም ብዙ ነው። ትናንት እማማ ዳሲቱ ስበላ አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ። ልነግራቸው ተነስቼ ከደጃፌ ተመለስኩ።

ሦስቱ ወር ግንቦት አጋማሽ ያልቃል። ካልሆነልኝ እቆረጣለሁ። ሆስፒታል ተመልሼ አስታማሚ በሚለው ላይ ያንቺን ስም አስጽፌያለሁ፤ ሳላስፈቅድሽ ነው።

ጋሽ ሳህሌን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። አስቴርን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን እማማ ጠጄን በጸሎትዎ ያስቡኝ ብላለች በያቸው፤ ጾመኛ ናት ብለው ሲያመሰግኑኝ ግን አስተዪልኝ።

ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ለሜሳ እንደ ልማዱ ለፈለቀች የምትልኪው አለ ወይ ብሎ ይመጣል። ጭኮ አትስጪው። አንቺው አብረሽው ተሳፈሪ።

እህትሽ ፈለቀች
አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ
የካቲት 26 ቀን 1963 ዓ.ም.