እጅሽ ያለኝን ፍለጋ

ውዴ አልጋነሽ፣

ካረፍሽ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ኮምቦልቻ እንደምታውቂያት ናት፤ ጠዋት ትሞቃለች፣ ከሰዓት ቦርከና ይሞላል። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ፤ እነጫነጫለሁ። ድሮ የምነጫነጭባት ሰው ነበረችኝ፣ አሁን በግድግዳው ላይ ነው።

ልጃችን ሕይወት ሶፋውን ለውጣዋለች። አዲሱ ሰው ሲቀመጥበት ይጮኻል። ያንቺን ወንበር ግን አላስነካሁም፤ ለምን ብላ ስትጠይቀኝ ተቆጣሁ። የጓሮውን ኮክ በረዶ መታው። ድመትሽ ጠቅልላ ጎረቤት ገብታለች፣ እዚያ ሥጋ ሳይበዛ አይቀርም። ግን ብዕር ያነሣሁት የቤት ወሬ ላወራሽ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ባለፈው ወር ሕይወት ደሴ የውዝዋዜ ዝግጅት አለ ብላ ይዛኝ ወጣች። ሐረጎ ዳገቱ ላይ ጭጋጉ ወርዶ መንገዱ አይታይም ነበር፤ እኔ ስለ ሾፌሩ ሳማርር እሷ መስኮት መስኮቱን ስታይ ደረስን። አዳራሹ ሞልቷል። ወጣቶቹ መድረክ ላይ ወጡ። ከበሮ የለም፣ ማሲንቆ የለም። ትከሻቸውን አድርቀው እጃቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር። ያንቺው ጭፈራ ነው፣ አንድም ሳይቀር ያንቺው። መድረክ መሪው ምን ቢል ጥሩ ነው? ይህ ከጥንት ከአባቶቻችን የወረስነው፣ ገበሬው ዝናብ የሚለምንበት ጭፈራ ነው አለ። ሰዉም አጨበጨበ።

የምን ዝናብ ነው እሱ? ጣራ ሥር የተወለደ ጭፈራ ዝናብ የት ያውቃል? የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ፈትል ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ ሲነሡ ሰው ጆሮ ለጆሮ ተጠግቶ ቢጮኽ እንኳ አይሰማማም ነበር። ስለዚህ እናንተ ሴቶቹ በእጃችሁ ታወሩ ነበር። ክሩ ተበጠሰ፣ ልጄን አተኮሳት፣ ምሳ ምን ይዘሻል፣ ለሁሉም ምልክት ነበራችሁ። እኔ ፎርማናችሁ ነበርኩና ከእኔ ትደብቁት ነበር። ለእኔም አንድ አውጥታችሁልኛል፤ ሁለት ጣት ከንፈር ላይ፣ ጢሜን ለማለት፣ ሰውዬው መጣ ማለት ነው። ይህችን የነገርሽኝ ተጋብተን ከከረምን በኋላ ነው። ሌላውን ብለምንሽ የሴቶቹ ምስጢር ነው ብለሽ ዘጋሽኝ። አሁን ደሴ ላይ እነዚያ ልጆች በትልቅ ቁም ነገር ሁለት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ሲያሳርፉ፣ መድረክ መሪው የሽማግሌዎች ምርቃት ነው ብሎ አብራራ። እየሳቅሁ ደሜ ፈላ።

በሠራተኞች ክበብ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻሽን የወጣሽበትን ቀን ረሳኸው እንዳትዪኝ። የሥራ ጋዋንሽን ለብሰሽ፣ ጸጉርሽን በሻሽ ሸብ አድርገሽ። በእኛ በወሎዎች ዘንድ ጭፈራ ማለት ትከሻ ነው፤ አንቺ ትከሻሽን አሰርሽው። ከበሮ መቺውንም ተቀመጥ አልሽው። ክር ሲበጠስ ስትፈልጊ፣ ስትቀጥዪ፣ እግርሽ ሲዝል፣ ከጎንሽ ካለችው ጋር በእጅሽ ስታወሪ አሳየሽን። ከኋላ የነበሩት ሳቁ። አንዱማ ትከሻዋን ያማታል እንዴ ብሎ ጠየቀ። ከፊት የተቀመጡት ፈታዮች ግን ያለቅሱ ነበር፣ ያልሽው ስለ ገባቸው። እኔ ምንም አልገባኝም፤ በሆዴ ግን ይህችን ሴት ካላገባሁ አልኩ።

ከዚያ ለልጃገረዶቹ አስተማርሽ፣ እነሱም ደሴ ላሉት የኪነት ቡድኖች አስተማሩ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ባለቤቷ ተረሳች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እነዚህ አልናቁሽም፤ ጭራሽ መኖርሽንም አያውቁም። ዝግጅቱ ሲያልቅ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ አሰልጣኛቸውን አገኘሁት። አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ዘመናዊ ዳንስ ማለት ከሥራና ከኑሮ የሚወጣ እንቅስቃሴ መሆኑን፣ ያለ ዜማም እንደሚሆን አስረዳኝ። ለእኔ! ከዚያም ባህል የሕዝብ ነው አባባ፣ የአንድ ሰው አይደለም አለኝ። ያ ሕዝብ እኮ አንዲት ሴት ናት፣ ስሟም አልጋነሽ ነው አልኩት። በትሕትና ራሱን ነቀነቀልኝ። ቢጨቃጨቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አንጀቴን ያሳረረው የስምሽ ነገር ብቻ አይደለም። በጭፈራው መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈችና ጣቶቿን ወደ ፊት ገፋ ገፋ አደረገች። ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ድምፅሽ ከጠፋ በኋላ፣ ያን ቀን ከሰዓት ያሳየሽኝ እሱን ነው። መዳፍሽን ደረትሽ ላይ አደረግሽ፣ ከዚያ ወደ በሩ ገፋሽ። በበሩ በኩል የውሃው ጆግ ነበር። ውሃ መስሎኝ ቀድቼ ከንፈርሽን አራስኩልሽ። አይደለም ብለሽ ራስሽን ነቅንቀሽ ደገምሽው። አሁንም ቀዳሁልሽ። ዓይንሽን ጨፈንሽ፣ ሳይመሽም ሄድሽ። ይህን ለሕይወት እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ሰው ሚስቱ መጨረሻ ላይ ያለችውን ሳይሰማ ቀብሯት እንዴት ይተኛል?

መድረክ ላይ የሠራችውን ልጅ ትርጉሙን ጠየቅኋት፤ ጸሎት ነው አባባ አለችኝ። አላመንኳትም። በአንቺም ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ ልጅ ወልደን፣ አሁንም ለአንቺ ፎርማን ነበርኩ? ጥቂቱን እንኳ ብታስተምሪኝ ምን ይጎድልሽ ነበር? ከፈታዮቹ የሚበዙት አልፈዋል፣ የቀሩትም ልጆቻቸውን ተከትለው በየአገሩ ተበትነዋል። ስጠይቅ ስጠይቅ ከጎንሽ ባለው ማሽን ላይ የነበረችው ዘሃራ ደጋን ከተማ ልጇ ዘንድ እንዳለች ሰማሁና ባለፈው ማክሰኞ ሄድኩ።

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅም ነበር። ዓይኗ ደክሟል፣ ምላሷ ግን አልደከመም፤ ጢምህ የት ሄደ ብላ ነው የተቀበለችኝ። ሰላምታው ሲያልቅ ምልክቱን አሳየኋት። ዝንብ የምታባርር ነው የምትመስለው፣ ቀስ ብለህ ሥራው ብላ አስደገመችኝ። ከዚያ ሳቀች።

«ወላሂ ፎርማን፣ ይቺማ ቀላል ናት። ሂጂ ትንሽ ጋደም በይ፣ ማሽንሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ ማለት ናት።»

ያረገዘች ወይም ሌሊቱን ልጅ ሲያለቅስባት ያደረች ካለች፣ ከጎኗ ያለችው ይህን ታሳያታለች፣ እሷም ከታሰረው ጥጥ ክምር ጀርባ ሄዳ ጥቂት ታሸልባለች። ስዞር የማጣቸው ሴቶች ለካ እዚያ ነበሩ። ምልክቱን መቼ እንዳየሁት ስነግራት ሳቋን አቆመች። ያኔ አንተ ተኝተህ ታውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሆስፒታል ከገባሽ ጀምሮ ጎኔን አላሳረፍኩም ነበር፣ ያን ቀንማ ወንበሩ ላይ ሆኜ ራሴ ይወድቅ ነበር። ዘሃራ ጉልበቴን ያዝ አድርጋ አብሽር አለችኝ።

አሰልጣኙን አልለቀውም። ዘሃራን ይዤ ደሴ እወጣለሁ፣ ልጆቹ እጃቸው ምን እንደሚል ከእሷ አፍ ይሰማሉ፣ መድረክ መሪውም ስምሽን አስተካክሎ እስኪጠራ ድረስ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ እነዘንዛለሁ። ማስታወስ ማለት ለእኔ ይኸው ነው፣ እስክሞት አልተውም።

ከደጋን ስመለስ አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ እየጠበቅሁ አንድ ነገር መጣብኝ። ያን ቀን ያልሽኝ ቢገባኝ ኖሮ እሺ እል ነበር። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ጋደም እል ነበር፣ አንቺም ብቻሽን ትሄጂ ነበር። አልጋነሽ፣ እንኳንም አላስተማርሽኝ። አጠገብሽ የቀረሁት ውሃ ስለ መሰለኝ ነው።

ባልሽ ታደሰ